ፎቶ፣ ሥዕል ወይስ ፊደል? የተማሪዎች መጽሔት ሽፋን አመራረጥ

የዝግጅት ክፍሉ ስለ ሽፋን ሲሰበሰብ ውይይቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «የትኛው ፎቶ ያምራል?» ከሚለው ነው። መጀመር የነበረበት ግን ከሌሎች ሦስት ጥያቄዎች ነው፦ መጽሔቱ አንባቢው ዘንድ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? ስንት ቅጂ ይታተማል? የሚያትመው ቤት ምን ዓይነት ማሽን አለው? እነዚህ ሳይመለሱ የተመረጠ ሽፋን ኮምፒውተር ላይ አምሮ ወረቀት ላይ ይጠቁራል፤ ወይም ጠርዙ ላይ ያለው ጽሑፍ በመቁረጫ ይሄዳል።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ለአብዛኛው የግቢ ክበብ፣ ከመካከለኛ ፎቶ ይልቅ በሁለት ቀለም የተሠራ የፊደል ሽፋን፣ ማለትም ጽሑፍ ብቻ ያለበት፣ ይሻላል። ፎቶ የሚያሸንፈው ለሽፋን ተብሎ ሲነሣ ብቻ ነው። ሥዕል ደግሞ ፎቶ ሊያሳየው ለማይችለው ወይም ሊያሳየው ለማይገባው ጉዳይ ነው። ምክንያቶቹ ከዚህ በታች አሉ።

የክበብ መጽሔት ነው ወይስ የምረቃ?

ግቢ ውስጥ የሚታተሙት በጥቅሉ ሁለት ናቸው። አንደኛው በሴሚስተር አንዴ የሚወጣ፣ ካፌና ላይብረሪ በር ላይ የሚታደል፣ በአንድ ዶርም ውስጥ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚዞር የክበብ ወይም የትምህርት ክፍል መጽሔት ነው። ሁለተኛው የእያንዳንዱ ተመራቂ ፎቶና የስንብት ቃል ያለበት፣ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጥ የምረቃ መጽሔት ነው።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። የክበብ መጽሔት አንባቢ ገና መጽሔቱን ለማንሣት አልወሰነም፤ ወደ ክፍል እየሄደ ነው የሚያየው። ስለዚህ ሽፋኑ በሁለትና ሦስት ሴኮንድ ውስጥ አንድ ነገር ሊነግረው ይገባል። የምረቃ መጽሔት ገዢ ግን ገንዘቡን ከወራት በፊት አዋጥቷል፤ ማባበል አያስፈልገውም። የእሱ ሽፋን ከ10 ዓመት በኋላም ሲታይ የማያሳፍር፣ እጅ ሲበዛበት የማይላጥ መሆን አለበት። ለመጀመሪያው የሚሆን የሚጮህ ርዕስ ለሁለተኛው አይሆንም፤ ለሁለተኛው የሚሆን የተረጋጋ ሽፋን ካፌ በር ላይ ማንም አያነሣውም።

ፎቶ፦ ብዙ የሚሰጥ፣ ብዙ የሚጠይቅ

የሰው ፊት ከማንኛውም ነገር በፊት ዓይን ይስባል። ወደ ካሜራው የሚመለከት አንድ ሰው፣ ሽፋኑን ከግማሽ በላይ ሞልቶ ሲታይ ከሩቅ ይጠራል። ችግሩ፣ ለሽፋን የሚመጣው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ለፌስቡክ ወይም ለማስታወሻ የተነሣ መሆኑ ነው።

መጠኑን እንይ። ኤ4 ሽፋን ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ለመቁረጫ ሲጨመርበት 216 በ303 ሚ.ሜ. ይሆናል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይህ 2551 በ3579 ፒክስል ነው። 12 ሜጋፒክስል ያለው የስልክ ካሜራ 3024 በ4032 ስለሚሰጥ ይበቃል፤ ስልክ ስለሆነ ብቻ አትናቁት። ፎቶው ግን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተልኮ ከመጣ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል ሆኖ ይደርሳል። ኤ4 ላይ ሲዘረጋ ይህ 107 ዲፒአይ ገደማ ነው፤ የዓይን ሽፋሽፍት ይጠፋል፣ የፊት ጠርዝ ደረጃ ደረጃ ይሠራል። ፎቶግራፈሩን ሁልጊዜ «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት። ትንሹን ፎቶ በሶፍትዌር ማሳደግ ፒክስሉን ያበዛዋል እንጂ የጠፋውን ዝርዝር አይመልሰውም።

ሁለተኛው የቦታ ጉዳይ ነው። የሽፋን ፎቶ ሲነሣ ለጽሑፍ የሚሆን ባዶ ቦታ አብሮ መነሣት አለበት። ከላይ አንድ አራተኛው፣ ማለትም 75 ሚ.ሜ. ያህል፣ ሰማይ፣ ግድግዳ ወይም የደበዘዘ ዛፍ ይሁን፤ የመጽሔቱ ስም እዚያ ያርፋል። ከሰውየው ግራ ወይም ቀኝ ደግሞ ለርዕሶች የሚሆን ሰላማዊ ቦታ ይተው። ቅጠል በሞላበት ዳራ ላይ የተጻፈ ፊደል አይነበብም፤ ያኔ ዲዛይነሩ ጥላና ነጭ ክፈፍ እየጨመረ ሽፋኑን ማስታወቂያ ያስመስለዋል።

በዓለም የታወቁ መጽሔቶች የሰውየውን ጭንቅላት ስማቸው ላይ አሳልፈው ስሙን በከፊል ይሸፍናሉ። ለተማሪዎች መጽሔት አንመክረውም። አንደኛ፣ ስማችሁን ገና ማንም በቃሉ አያውቀውም። ሁለተኛ፣ የእኛ ፊደል ልዩነቱ ትንሽ ጭረት ላይ ነው፦ የ«ሱ» ክንድ በፀጉር ከተሸፈነ «ሰ» ሆኖ ይነበባል፤ ስሙ ሌላ ቃል ይሆናል።

ብርሃን ላይ አትቸኩሉ። የእኩለ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች የዓይን ጉድጓድን በጥላ ትሞላለች። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ አንሡ። ሰዓቱ ካልተመቸ ሰውየውን ከሕንፃ ጥላ ጠርዝ ላይ አቁሙትና ነጭ ካርቶን ከፊቱ በታች ያዙለት። ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ አብረው ሲነሡ ካሜራው ለፊቱ ብርሃን ሲሰጥ ነጠላው ተቃጥሎ ባዶ ነጭ ይሆናል። መፍትሔው ስልኩ ላይ ፊቱን ነክቶ የነጠላው ድር እስኪታይ ድረስ ብርሃኑን መቀነስ፣ በኋላ ፊቱን በማረሚያ ሶፍትዌር ከፍ ማድረግ ነው። የጠቆረ ፊት ከፍ ሊደረግ ይችላል፤ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም።

የጥቁር ጋውን ችግር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ጥቁር ጋውን ከጨለማ ዳራ ጋር ይዋሐድና ፊት ብቻ ተንሳፎ ይቀራል። ተመራቂውን ከብርሃናማ ግድግዳ ፊት አቁሙት። በኅትመትም የአራቱ የማተሚያ ቀለማት (ሲያን የሚባለው ውኃ ሰማያዊ፣ ማጀንታ የሚባለው ሐምራዊ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር) ድምር በአንድ ቦታ ከ300 በመቶ ካለፈ ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም፤ ከላዩ የሚደረበውን ወረቀት ያበላሻል።

የስልኩን የፖርትሬት ሁነታ ዝጉት። ዳራውን ሲያደበዝዝ የከርዳዳ ፀጉርን ጠርዝና የነጠላን ዘርፍ አብሮ ይቆርጣል። በስልክ ስክሪን ላይ አይታወቅም፤ ኤ4 ላይ ግን በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል።

የቆዳ ቀለም ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደ አራቱ የማተሚያ ቀለማት) ሲቀየር ጠይም ፊት ቶሎ ይጎዳል። ሲያን ሲበዛ ፊቱ አመድማ ወይም አረንጓዴ ይመስላል፤ ማጀንታ ሲበዛ ይቀላል። ጤናማው ጥምረት ቢጫ ከማጀንታ ትንሽ በልጦ፣ ሲያን ከሁለቱም ዝቅ ብሎ የሚገኝበት ነው። ሽፋኑ የማያንጸባርቅ ተራ ወረቀት ላይ የሚታተም ከሆነ ወረቀቱ ቀለም ስለሚመጥ የቀለሙ ነጥቦች ይሰፋሉ፣ ፊቱ ይጠቁራል፤ መካከለኛውን የብርሃን ደረጃ ስክሪን ላይ «ትንሽ በዛ» እስኪመስል ከፍ አድርጉት።

በመጨረሻ ሰውየው ራሱ። ሽፋን ላይ የወጣ ተማሪ በሙሉ ግቢው ይታወቃል፤ በጽሑፍ ፈቃዱን ተቀበሉ፣ ከመታተሙ በፊትም ሽፋኑን አሳዩት። ስለ እሱ ውስጥ ገጽ ላይ የሚነበብ ታሪክ ከሌለ ፊቱን ብቻ አታውጡ። «ለምን እሱ? ለምን የእነዚያ ዲፓርትመንት?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ከውስጥ ባለው ጽሑፍ ብቻ ነው።

ስለ ምረቃ የቡድን ፎቶ አንድ ነገር እንበል። 12 ሰው በአንድ ረድፍ ቆሞ ኤ4 ስፋት ላይ ሲታተም ለእያንዳንዱ 18 ሚ.ሜ. ይደርሰዋል፤ ፊቱ ከ6 ሚ.ሜ. ብዙም አይበልጥም። ማንም ራሱን አያገኝም። የቡድኑን ፎቶ በውስጥ ሁለት ገጽ ላይ ዘርጉት፤ ለፊት ሽፋኑ ሌላ ነገር ፈልጉ። ሁለት ገጽ ላይ ሲዘረጋ መሐሉ ላይ ያለው ሰው ማጠፊያው ውስጥ እንዳይገባ ቡድኑን ሲያነሡ መሐሉን ክፍት ማድረግ ይቻላል።

ሥዕል፦ ፊት ለማይታይበት ጉዳይ

የፈተና ጭንቀት፣ ከምርቃት በኋላ ሥራ ማጣት፣ ግቢ ውስጥ ያለ ጾታዊ ትንኮሳ። እነዚህን በፎቶ ልሥራ የሚል ዲዛይነር ወይ ጭንቅላቱን የያዘ ልጅ ያስተውናል፣ ወይ ደግሞ እውነተኛ ተጎጂን ለሐሜት ያጋልጣል። ሥዕል እዚህ ላይ ምትክ የለውም። ሁለተኛ ጥቅሙ ነጻነቱ ነው፦ የጽሑፍ ቦታው ከመጀመሪያው ስለሚታቀድ ፊደልና ምስል አይጣሉም፤ ቀለሙም በሁለት ወይም በሦስት ሊወሰን ይችላል።

ሠሪው ከየት ይምጣ? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «አለ ፈለገ ሰላም» የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለ፤ በሌሎች ግቢዎች ደግሞ የአርክቴክቸር ተማሪዎች እጃቸው ጥሩ ነው። ዋናው አሠራሩ ነው። ለሠዓሊው «ስለ ወጣትነት አንድ ነገር ሥራልን» አትበሉት። የዋናውን ጽሑፍ ረቂቅና ሽፋኑ ሊናገረው የሚገባውን አንድ ዓረፍተ ነገር ስጡት። ከዚያ ሦስት የእርሳስ ንድፍ፣ እያንዳንዱ 5 በ7 ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ እንዲያመጣ ጠይቁ። በዚህ መጠን የማይገባ ሐሳብ በትልቁም አይገባም። ምርጫው የሚደረገው በንድፉ ላይ ነው፤ ቀለም ከገባ በኋላ «ልጅቷን ወደ ግራ አድርጋት» ማለት ሥራውን እንደገና ማስጀመር ነው። በድምሩ ሦስት ሳምንት ያዙ። ካልከፈላችሁት ቢያንስ ስሙ ውስጠኛው ገጽ ላይ በሚነበብ መጠን ይውጣ።

በእጅ የተሠራ ሥዕል በስልክ አይነሣም፤ ጠርዙ ይጎብጣል፣ ነጩ ወረቀት ግራጫ ይሆናል። በስካነር፣ የብዕር ሥራ ከሆነ በ600 ዲፒአይ፣ የውኃ ቀለም ከሆነ በ300 ወይም 400 አስገቡት።

የተከፈተ መጽሐፍ፣ አምፖልና የምረቃ ቆብ በአንድ ላይ ያለበትን ሥዕል እባካችሁ ተዉት። ጀበናውንም፣ የጥለት ድንበሩንም ጉዳዩ ካልጠየቀው አትጨምሩ። ከኢንተርኔት የወረደ ሥዕልን በተመለከተ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠዓሊውን ሥራ ይጠብቃል፤ «ለትምህርት ነው» ማለት የሌላውን ሰው ሥራ ሽፋን አድርጎ ለማተም ፈቃድ አይሆንም። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚወጣ ምስልም ውስጡ የአማርኛ ጽሑፍ ካለበት ብዙ ጊዜ ፊደል የሚመስል ግን ፊደል ያልሆነ ቅርጽ ያወጣል፤ ከተጠቀማችሁም ጽሑፉን ሁሉ አጥፍታችሁ በራሳችሁ ጻፉ፣ እንዴት እንደተሠራም ለአንባቢ ግለጹ።

ፊደል ብቻ፦ ርካሹና አስተማማኙ

ብዙ የዝግጅት ክፍሎች የፊደል ሽፋንን «ፎቶ ስላጣን» የሚደረግ አድርገው ያዩታል። ስሕተት ነው። ግድግዳውና ማስታወቂያ ሰሌዳው ሁሉ በፎቶ በሞላበት ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ የተጻፈ አንድ ጥያቄ ብቻውን ይታያል። ፎቶግራፈር አይጠይቅም፣ የፒክስል ችግር የለውም፣ የቴሌግራም ቻናል ላይ በትንሹ ሲታይም ይነበባል።

የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥሩ ርዕስ። «የወጣቶች ተሳትፎ በልማት» ብሎ ሽፋን ማስዋብ አይቻልም። «ዶርም ውስጥ ማን ያበስላል?» ወይም «ዲግሪው ይኸው፤ ሥራውስ?» ግን ምስል ሳይጨመርበት ያስቆማል። ከአምስት ቃል በላይ አትሂዱ፤ አማርኛ ቃሉ በቅጥያ ስለሚረዝም አምስት ቃል ቀድሞውኑ ብዙ ነው።

መጠኑን በግምት ሳይሆን በርቀት ቁጠሩ። ከ3 ሜትር ላይ በምቾት ለመነበብ ፊደሉ 15 ሚ.ሜ. ያህል ቁመት ይፈልጋል፤ ይህ በአብዛኛው የአማርኛ ፊደል ዓይነት 60 ፖይንት ገደማ ነው። ስለዚህ ዋናው ርዕስ ከ60 እስከ 90፣ ሁለቱ ተጨማሪ ርዕሶች ከ18 እስከ 22፣ ቅጽ፣ ቁጥርና ወር ዓመተ ምሕረት 10 ወይም 11 ፖይንት ይሁኑ። ከሁለት በላይ ተጨማሪ ርዕስ አታስገቡ። ገጹ ሲሞላ ዋናው ርዕስ ይሸነፋል።

የመስመር አቆራረጥ በትርጉም ይሁን። «ዶርም ውስጥ» በአንድ መስመር፣ «ማን ያበስላል?» በሌላው። «ውስጥ ማን» አንድ መስመር ላይ ከቀረ አንባቢው ይሰናከላል። ረጅሙን ቃል ከመሐሉ ቆርጦ ወደ ታች ማውረድ በሽፋን ላይ ፈጽሞ አይደረግም፤ ካልገባ መጠኑን ቀንሱ ወይም ቃሉን ቀይሩ። በመስመሮቹ መካከልም ጠባብ አትሁኑ፦ «ሟ»፣ «ቷ»፣ «ኗ» ከግርጌያቸው ያለው ጭረት ከታች ያለውን ፊደል አናት ይነካል። በፊደሎች መካከል ክፍተት እያበዙ ቃልን መበተን በላቲን አቢይ ፊደላት ያምር ይሆናል፤ በአማርኛ ግን ቃሉ ወደ ተበተኑ ፊደላት ይለወጣል።

የፊደል ዓይነት ምርጫ ላይ ብዙዎች የሚወድቁት ውፍረት ላይ ነው። ኒያላና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ውብ ናቸው፤ ነገር ግን ያላቸው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። ቦልድ ስትጫኑ ሶፍትዌሩ ፊደሉን አሳብጦ የሐሰት ቦልድ ይሠራል፤ የ«ዐ»፣ የ«ፀ»፣ የ«ቋ» ዓይን ይደፈናል። ለትልቅ ርዕስ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ውሰዱ፤ ሁለቱም ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም 9 ደረጃ በትክክል ተሠርቶላቸዋል፣ በነጻም ይገኛሉ። ኒያላን በራሱ ውፍረት፣ በትልቅ መጠን፣ ለግጥምና ለሥነ ጽሑፍ እትም ተጠቀሙበት። በእጅ ቁም ጽሕፈት የሚጽፍ ሰው ግቢያችሁ ውስጥ ካለ ደግሞ የመጽሔቱን ስም አንድ ጊዜ አስጽፉት፤ ለዓመታት የሚያገለግል አርማ ይወጣዋል፣ ከየትኛውም የኮምፒውተር ፊደል ጋር አይመሳሰልም።

አሮጌዎቹ፣ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ያልሆኑ የግዕዝ ፊደሎች አሁንም በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ አሉ። በእነሱ የተጻፈ ርዕስ ፊደሉ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ይሆናል። ጽሑፉን በዩኒኮድ እንደገና ጻፉት። ለማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊትም የሽፋኑን ጽሑፍ ሁሉ ወደ ቅርጽ (እንደ ሥዕል የማይለወጥ መስመር) ቀይሩ፤ የሚታረመውን ቅጂ ግን ለብቻው አስቀምጡ።

አማርኛና እንግሊዝኛ አንድ ሽፋን ላይ ከወጡ አንዱ ይምራ። ሁለቱም በእኩል መጠን ሲጮኹ የትኛውም አይሰማም። በተመሳሳይ ፖይንት የላቲኑ ትንንሽ ፊደላት ከእኛው አንሰው ስለሚታዩ በዓይን አስተካክሏቸው እንጂ ቁጥሩን አትመኑ።

ቀለም

ስክሪን ላይ ያለው የሚያበራ አረንጓዴና ሰማያዊ ወረቀት ላይ የለም። በተለይ ሰማያዊ፦ ሲያን 100 ማጀንታ 100 ሐምራዊ ሆኖ ይወጣል፤ ማጀንታውን ወደ 70 አውርዱት። ሰፊ ጥቁር ዳራ በጥቁር ቀለም ብቻ ሲታተም ግራጫ ይመስላል፤ ሲያን 60፣ ማጀንታ 40፣ ቢጫ 40፣ ጥቁር 100 ስጡት። ትንሽ ጥቁር ጽሑፍ ግን በጥቁር ብቻ ይሁን፤ አራቱ ቀለማት በፀጉር ስፋት ቢዛነፉ ፊደሉ ጥላ ያወጣል። በጥቁር ዳራ ላይ ነጭ ጽሑፍ ከ9 ፖይንት በታች አይሁን፤ ቀጭኑ የፊደል ጭረት ይሞላል።

የሁለት ቀለም ሽፋን፣ ለምሳሌ ጥቁርና ብርቱካናማ፣ በኦፍሴት ማተሚያ ከአራት ፕሌት (ለየቀለሙ ከሚሠራ የማተሚያ ሰሌዳ) ይልቅ በሁለት ይሠራል። ሁለተኛውን ቀለም በየእትሙ መቀየር መጽሔቱን ተከታታይ ያስመስለዋል፤ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡም ያምራል።

ኤ4 ወይስ ኤ5፤ ስቴፕል ወይስ ሙጫ

እዚህ ላይ የማሽኑ ወረቀት ይወስናል። የኤ4 መጽሔት ሽፋን ሲዘረጋ 420 በ297 ሚ.ሜ. ነው፤ ይህም ልክ ኤ3 ነው። ማተሚያ ቤቱ ያለው ኤ3 ወረቀት ብቻ ከሆነ ለመቁረጫ የሚተርፍ ምንም የለም፤ የዲጂታል ማሽን ደግሞ እስከ ጠርዝ ድረስ አያትምም። ውጤቱ ዙሪያውን ያልተስተካከለ ነጭ ጠርዝ ነው። መፍትሔው ሦስት ነው፦ 320 በ450 ሚ.ሜ. የሆነ ኤስአርኤ3 ወረቀት የሚጠቀም ቤት መፈለግ፣ ወይም የመጽሔቱን መጠን ወደ 200 በ285 ሚ.ሜ. መቀነስ፣ ወይም ከመጀመሪያው 12 ሚ.ሜ. ነጭ ክፈፍ ያለው ሽፋን መንደፍ። ሦስተኛው ለፊደልና ለሥዕል ሽፋን ያምራል።

ኤ5 ይህ ችግር የለበትም። የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ በክፍል መሐል ይነበባል፣ ኤስአርኤ3 ላይ ሁለት ሽፋን በአንድ ጊዜ ይወጣል። ለግጥምና አጭር ልብ ወለድ መጽሔት እሱን እንመርጣለን። ለፎቶና ለምረቃ ግን ኤ4 ይሻላል።

ጥረዛውን የሚወስነው የገጽ ብዛት ነው። በስቴፕል የሚጠረዝ መጽሔት ገጹ በ4 መካፈል አለበት፤ በ80 ግራም ወረቀት እስከ 64 ገጽ ድረስ በደንብ ይታጠፋል። ከዚያ በላይ በሙጫ። የሙጫ ጥረዛ ጎን፣ ማለትም ገጾቹ የተጣበቁበት ጠባብ ጠርዝ፣ ስላለው ሽፋኑ ስፋቱ ይጨምራል፦ ባለ 80 ግራም ወረቀት አንድ ቅጠሉ 0.1 ሚ.ሜ. ገደማ ስለሆነ፣ 120 ገጽ ማለት 60 ቅጠል፣ 6 ሚ.ሜ. ነው፤ የሽፋኑ ውፍረት ሲጨመር 6.6 ያህል። ይህን ግምት ለራሳችሁ ያዙና ትክክለኛውን ከማተሚያ ቤቱ ጠይቁ፤ በ2 ሚ.ሜ. ስሕተት የጎኑ ጽሑፍ ወደ ፊት ሽፋን ይንሸራተታል።

ዲጂታል ወይስ ኦፍሴት

ለ100 ወይም 200 ቅጂ ዲጂታል ነው፤ ክርክር የለውም። ኦፍሴት ፕሌት ማሠሪያና ቀለሙ እስኪስተካከል የሚጣል ወረቀት ስላለው የመጀመሪያው ቅጂ በጣም ውድ ነው፤ የሺኛው ግን በጣም ርካሽ። የሁለቱ ዋጋ መገናኛ ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 1000 ቅጂ መካከል ይገኛል። ስለዚህ ለ200፣ ለ500 እና ለ1000 ለየብቻ ዋጋ አስጽፉ፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተካቶ እንደሆነና ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና በጽሑፍ ይቀመጥ። አራት ኪሎ ካለው ብርሃንና ሰላም ጀምሮ እስከ ትንንሾቹ የግል ቤቶች ድረስ ሰኔ ላይ ሥራ ይበዛባቸዋል፤ የምረቃ መጽሔት ፋይል ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይግባ።

ለሽፋን 250 ወይም 300 ግራም አርት ካርድ ጠይቁ። በዲጂታል የታተመ ጥቁር ሽፋን ሲታጠፍ ቶነሩ (የማሽኑ የቀለም ዱቄት) ይሰነጠቅና ነጭ መስመር ያወጣል፤ ከመታጠፉ በፊት የማጠፊያ መስመሩ በማሽን እንዲረገጥና በላሚኔሽን (በስስ የፕላስቲክ ፊልም) እንዲሸፈን አድርጉ። አንጸባራቂ ላሚኔሽን ለፎቶ ቀለሙን ያደምቃል፤ መብራት ሥር ግን ያብረቀርቃል። ማት (የማያንጸባርቀው) ለፊደልና ለሥዕል ይስማማል፤ ቀለሙን ትንሽ ያለዝበዋል፣ በጥቁር ላይ የጣት አሻራ ያሳያል። የኦፍሴት ቀለም ሳይደርቅ ፊልሙ ከተለጠፈ አረፋ ይይዛል፤ አንድ ቀን ይታገሡ።

በምን ይሠራ

ኢንዲዛይን ወይም ኢለስትሬተር የሚያውቅ ካለ በዚያው ይሥራ። ገንዘብ ከሌለ ስክራይበስ ነጻ ነው፤ ሲኤምዋይኬም ያወጣል። ኢንክስኬፕ ለፊደልና ለሥዕል በጣም ጥሩ ነው፤ የሚሠራው ግን በአርጂቢ (በስክሪን ቀለማት) ስለሆነ የመጨረሻውን ፋይል ስክራይበስ ውስጥ አስገብታችሁ አውጡት። ካንቫ ፈጣን ነው፤ ሆኖም የራስን ፊደል መጫንና በሲኤምዋይኬ ማውጣት በክፍያው ላይ ነው ያለው፤ የተዘጋጁት ሞዴሎቹም ከሌላ ክበብ ፖስተር ጋር ያመሳስሏችኋል። ወርድ ለሽፋን አይሆንም።

ፋይሉ ከመሄዱ በፊት

ሽፋኑን 150 ፒክስል ስፋት አድርጋችሁ በስልክ ተመልከቱ፤ የመጽሔቱ ስምና ዋናው ርዕስ ካልተነበቡ ቴሌግራም ላይም አይነበቡም። ቀጥሎ ኤ4 አትማችሁ ኮሪደር ላይ ለጥፉና ከዝግጅት ክፍሉ ውጭ ላሉ አምስት ተማሪዎች ለሦስት ሴኮንድ አሳዩ፤ «ስለ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስቱ ካልመለሱ ርዕሱ ወይም ምስሉ ይቀየር። «ያምራል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ነው የሚላችሁ።

ጽሑፍ ሁሉ ከመቁረጫው መስመር ቢያንስ 10 ሚ.ሜ. ገባ ይበል፤ ዳራው ደግሞ 3 ሚ.ሜ. ይውጣ። ፒዲኤፉ የፊት፣ የጎንና የኋላ ሽፋን በአንድ ገጽ ተያይዘው ይሁን፤ የፊቱ ሽፋን በቀኝ በኩል ነው፣ ብዙ ጊዜ ተገላብጦ ይላካል። ቅጽና ቁጥሩ ከባለፈው እትም ተገልብጦ እንዳልቀረ ያላየው ሰው ያንብበው።

ከዚያ የሙከራ ኅትመቱን በራሱ በሚታተምበት ወረቀት ላይ ጠይቁ። በተራ ወረቀት የወጣ ሙከራ ስለ ቀለም ምንም አይነግርም። የፊት ቀለም፣ የጥቁሩ ጥልቀት፣ የትንሹ ጽሑፍ ጥራትና የማጠፊያው ቦታ በቀን ብርሃን፣ በመስኮት አጠገብ ይታዩ። ሲጸድቅ ዋና አዘጋጁ ወረቀቱ ላይ ይፈርም፤ አንዱ ቅጂ ማተሚያ ቤቱ ጋ፣ ሌላው እናንተ ጋ ይቅር። ቀለሙ ተለውጦ ቢመጣ ክርክሩ የሚፈታው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ነው።